ቀዩ ዴክ ከቤቴ አይወጣም

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ መጣችና በቪዲዮ ቤቴ በር ላይ ቆማ፣ ወገቧን ይዛ፣ ዙሪያውን ቃኘች። እሷ ስታየው ክፍሉ የባሰ አረጀብኝ።

"አባባ፣ ይቺ ክፍል ተከራይ አግኝታለች። ሞባይል የሚጠግን ሰው ነው፣ ጨዋ ነው። አግዳሚዎቹን ለእድሩ እንሰጣለን። ያንን ዴክ ግን ዛሬ ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቼ ነው የምሸጠው፤ እንዳይከራከሩኝ።"

እኔ መከራከር አልወድም። ዕድሜዬን ገበያ ውስጥ ኖሬ እንኳ ድምፄን ከፍ ያደረግኩበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ "ክፍሉን ውሰጂ። አግዳሚውንም ስጪ። ዴኩ ግን ከቤቴ አይወጣም" አልኳት።

"ምን ሊሠራልዎት? የሞተ ነገር እኮ ነው!"

የሞተ። ይህን ቃል ስለዚያ ዴክ መስማት የጀመርኩት በሚሊኒየሙ ዓመት ነው። ያኔም አልተቀበልኩም፣ ዛሬም አልቀበልም። ለምን እንደማልቀበል ለልጄ በአንድ ጠዋት የሚነገር አይደለም። እዚህ ግን ቸኩሎ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ከሥሩ ልጀምረው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ጆንያ ነው። አሰላ እህል ተራ ከተሸካሚነት ተነስቼ መዛኝ ሆንኩ። ከበቆጂ፣ ከዲክሲስ ገብስና ስንዴ ሲገባ፣ ባስኩላው ከተበላሸ ወይም ሻጭና ገዢ ባስኩላውን ካላመኑት እኔን ይጠሩኛል። ጆንያውን አቅፌ አንድ ስንዝር ከመሬት አነሳዋለሁ፤ መልሼ አስቀምጥና ኪሎውን እናገራለሁ። በዚያ ይስማማሉ። ከባድ ገብስ ፍሬው ሞልቷል፣ ቀላል ገብስ ውርጭ መቶታል። ውሃ የነካው ደግሞ በውሸት ይከብዳል፤ እሱን በጥርስ ነክሼ ነው የምለየው። እጄ የተናገረውን የሚያፈርስ ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው መሬት ነበረው፣ ሌላው መኪና ነበረው፤ እኔ የነበረኝ ይኼው የእጄ ቃል ነው።

ወገቤ ሲደክም፣ መመዘኑን ባልተውም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ቤቴ የመንገድ ዳሯን ክፍል ቪዲዮ ቤት አደረግኳት። መጀመሪያ በካሴት፣ ኋላ በዲስክ። የገበያ ቀን ከጎበሳ የመጣው ሰው አውቶብሱ እስኪሞላ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ፣ የአሰላን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሰው ብሩን የሚከፍለው ለፊልሙ ሳይሆን ለጣሪያዬ ነበር። ሁለቱንም በእኩል ዓይን ነው የማስተናግደው።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቪዲዮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው። መንግሥት በወጣትነቱ ከወሎ መድቦት መጣና እዚሁ ቀረ፤ የከተማውን ግማሽ መርፌ ወግቶታል። እንግሊዝኛ ያነባል፣ ሬዲዮ ከጆሮው አይለይም፣ ቀልዱ ይናደፋል። እንፎካከራለን፣ አብረን እናስቀድሳለን፣ አንድ እድር ነን።

በዚያ ሰሞን ከተለመደው ዲቪዲ በጥራት እጅግ የሚበልጥ አዲስ ዲስክ ወጣ ተባለ። ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ መውጣቱ ነው። አንዱ ብሉ ሬይ፣ ሌላው ኤችዲ ዲቪዲ ይባላል። ሠሪዎቹ አልተስማሙም፤ የአንዱ ዲስክ በሌላው ዴክ አይከፍትም። የአንዱ ፊልም በሰማያዊ ማሸጊያ፣ የሌላው በቀይ ስለሚመጣ እኛ ሰማያዊውና ቀዩ ብለን ጠራናቸው። ድሬሰሩ ነው ይህን ሁሉ የነገረኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ሳትቀደም ተነስ" አለኝ፤ ተፎካካሪዬ ሆኖ እንዲህ ማለቱን እስከ ዛሬ አልረሳለትም። አብረን መርካቶ ወረድን።

ባለሱቁ ሁለቱን ዴኮች ጎን ለጎን አስቀመጠልን። ሰማያዊው አሥራ አራት ሺህ ብር፣ ቀዩ ሰባት ሺህ።

"ቀዩ ምን ሆኖ ነው ግማሽ የሆነው?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ገበያውን ለመያዝ አርክሰውት ነው። ሰማያዊዎቹ ደግሞ ፊልም ሠሪዎቹ ከእኛ ጋር ናቸው ይላሉ።"

"ማን ያሸንፋል?"

"እሱን ባውቅ እዚህ ቆሜ ዴክ እሸጣለሁ?"

እንዳነሳቸው ፍቀድልኝ አልኩት። ግራ ገብቶት ፈቀደ። ሰማያዊውን አነሳሁት፤ ደህና ነው። ቀዩን አነሳሁት፤ ወገቤ አወቀው። የሞላ ጆንያ ነው። እንደገና አስቀምጬ እንደገና አነሳሁት።

"የእኔ ይሄ ነው" አልኩ።

ድሬሰሩ በሳቅ ሞተ። "ጆንያ አደረግከው እንዴ! መርፌ ስንት ኪሎ ነው? ሰው የሚያድነው ግን እሱ ነው።"

"መርፌ ባዶውን ምን ያድናል? የሚያድነው ውስጡ ያለው ነው።"

"የዚህስ ውስጡ መሙላቱን በምን አወቅክ? በውሸት ከብዶ ቢሆንስ? ነክሰህ እየው!"

ባለሱቁ ደንግጦ ዴኩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። እውነቱን ለመናገር መንከሱ አምሮኝ ነበር። ደግሞስ እጥፍ የሚከብድ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ሲሰጡት ትቶ የሚሄድ የእህል ሰው የት አለ? እኛ ዘንድ ኦርጅናል ከፎርጅድ የሚለየው በክብደት ነው። ሰዓትም፣ ራዲዮም፣ ምላጭም ቢሆን።

ፊልሞቹ ግን ጉድ ነበሩ። ሰማያዊም ሆነ ቀይ፣ አንዱ ፊልም አራት መቶ ብር። መንገድ ላይ የሚሸጠው የኮፒ ዲቪዲ አሥር ብር ነው። ያኔ በአራት መቶ ብር የሚያኮራ በግ ይገዛ ነበር። ድሬሰሩ አራት በግ የሚያህል ፊልም ገዛ፤ ጨምሮም ስስ የሆነ ፍላት ቴሌቪዥን። እኔ ሁለት ፊልም ያዝኩና በቃኝ አልኩ፤ ቴሌቪዥን አለኝ፣ ኋላው የተነፋ ቢሆንም። ዴኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። ናዝሬት ስንደርስ እግሬ የራሴ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። ድምፅ ማጉያውን ውጭ አወጣሁ፣ ቤቱ ሞላ፣ ዴኩን አበራሁት። ዴኩ ዝም አለ። መብራቱ በራ፣ ግን ምንም የለም። ይሄ ዴክ ሲበራ መጀመሪያ ያስባል። ያስባል፣ ያስባል። ከኋላ አንዱ "ማል ታኤ? ምን ሆነ? ተኛ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ባለቤቴ ከጓሮ በር ብቅ አለችና፣ "ታገሱት፤ ባለቤቱም ጠዋት ሲነሳ እንዲሁ ነው" አለች። ቤቱ በሳቅ ሲናጋ ዴኩ ተነሳ።

ሥዕሉ መጣ። እንደ ሌላው ቀን ነው።

አንድ የማውቀው ተሸካሚ፣ "ጋሼ፣ ጥራቱ የቱ ጋ ነው?" አለኝ።

"ጠጋ በልና እየው።"

ጠጋ አለ። "አሁንም አልመጣም።"

ጥፋቱ የቴሌቪዥኔ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ዴኩ የሚሰጠውን ያ አሮጌ መስታወት መቀበል አልቻለም። ከመንገዱ ማዶ ግን በድሬሰሩ ፍላት ላይ የሰው ፊት ላይ ያለው ላብ ጠብታው ይታያል ተባለ። ሰው መንገዱን ተሻገረ። እኔ ጋ የቀሩት ዝናብ የያዛቸው ብቻ ናቸው።

ድሬሰሩ ያለው አራት ፊልም ብቻ ነው። በሰማያዊው ዴክ ተራ ዲቪዲም ይሠራል፤ እሱ ግን "ለዚህ ዕቃ ኮፒ አላጎርሰውም" ብሎ ኮራ። ስለዚህ እነዚያኑ አራቱን እያዟዟረ አሳየ። ተመልካቹ ሁሉን ከመልመዱ የተነሳ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ቤቱ ይመልስለት ጀመር። የእህቱ ልጅ ከአሜሪካ ሰማያዊ ፊልሞች ላከችለት። ያን ቀን በዓል አደረገው፤ እኔንም ጠራኝ። ዲስኩን አስገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ወጣ። ድሬሰሩ አነበበው፤ አሁንም አነበበው።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"ለዚህ አገር አልተሠራም ይላል።"

"ዲስኩ?"

"ዲስኩ።"

"የእኔ ቀይ እንኳ የማንንም አገር አይጠይቅም" አልኩት። እውነት ነው፤ ቀዩ ፊልም ከየትም ይምጣ ይከፍታል። ያን ሳምንት ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ደስታዬ የካቲት ላይ አለቀ። አንድ ማለዳ ድሬሰሩ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው አቀርቅሮ ቆመ።

"ሬዲዮ ሰማሁ። የቀዩ ሠሪዎች ትተውታል። ከእንግዲህ ዴክም ፊልምም አይሠሩም። ተሸንፋችኋል።"

"እኛ ማን ነን?"

"ቀዮቹ ናችኋ!"

ሳቁን ይዞት ነው እንጂ ዓይኑ እየሳቀ ነበር። ለሰባት ሺው አልተንገበገብኩም፤ ብር ይመጣል ይሄዳል። ያመመኝ በሳምንቱ እህል ተራ የሆነው ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጆንያ ስንዴ ተጣልተው አንዱ "መዛኙን ጥሩልኝ" አለ። ሌላው፣ "እሱማ ዴክ መመዘን ያቃተው ሰው አይደል? እጁ ከድቶታል" አለ። የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከጀርባቸው ነበርኩ። እነሱም አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ባስኩላ ፍለጋ ሄዱ።

በማግሥቱ ባዶ ማዳበሪያ አጥፌ ብብቴ ሥር ይዤ አውቶብስ ተሳፈርኩ።

መርካቶ ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ማወዛወዝ ጀመረ። "ጋሼ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አስቀድሜ ልንገርዎት!"

"ማን መልስ አለህ? ቀይ ፊልም ስንት አለህ?"

አየኝ። ጤንነቴን የተጠራጠረ መሰለኝ። ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። "አንዱን በሃያ ብር ይውሰዱ። ሁሉንም ካነሱልኝ ከዚያም እቀንሳለሁ፤ ቦታ ይዞብኛል።"

ባለፈው በግ የነበረው ፊልም ዶሮ እንኳ አልሞላም። ማዳበሪያውን ዘረጋሁና ሞላሁት፤ አፉን በሲባጎ ሰፋሁት፣ ገብስ እንደምሰፋው አድርጌ። አሰላ መናኸሪያ ስወርድ ተሸካሚዎቹ ከበቡኝ።

"ምንድነው ጋሼ፣ ስኳር ነው?"

"ፊልም ነው።"

"በማዳበሪያ?"

ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ደረሰ። ሬሳ በጆንያ ገዝቶ መጣ ተባለ። ድሬሰሩ መጣና ግድግዳዬን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ሰው ከሞተ ነገር ይሸሻል፣ አንተ ትሰበስባለህ!"

"አንተ ስንት የሚከፍት ፊልም አለህ?" አልኩት።

"አራት።"

"እኔ ጆንያ ሙሉ አለኝ። ታዲያ ማን ነው የሞተው?"

በዚያም አላቆምኩም። አንድ ጣውላ ፈልጌ በቀይ ቀለም፣ በራሴ እጅ፣ "ቀዩ አልሞተም" ብዬ ጻፍኩና በሬ ላይ ሰቀልኩት። ፊደሉ ተንጋዷል። ሰው ለመሳቅ መጣ። ለመሳቅ የመጣም ሰው ዝናብ ሲይዘው ይገባል፣ ሲገባ ይከፍላል፣ ሲከፍል ይቀመጣል። በየቀኑ ሌላ ፊልም ነው የማሳየው። ሥዕሉ እንደ ድሮው ቢሆንም ድሬሰሩ ቤት የማይገኝ ነገር ነበረኝ፤ አዲስ ታሪክ።

ክረምቱ ገባ። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ቀን ግን ሲመጣ በኃይል መጣ፤ የመንገዱ አምፖሎች ሁሉ ቦግ ብለው ሁለት ሦስቱ ፈነዱ። የድሬሰሩ ዴክ ጭስ ተፋ። ጠጋኙ ከፍቶ አየው፣ መልሶ ዘጋው፣ ሒሳብም አልጠየቀ። የእኔም ዴክ ያን ሰዓት በርቶ ነበር፤ ምንም አልሆነም። ክብደቱ ነው ያተረፈው እላለሁ። ድሬሰሩ አጋጣሚ ነው ይላል። በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዶፉ እየወረደ በሬ ተንኳኳ። ድሬሰሩ ነው። ፍላቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሶ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። እሱ ራሱ በስብሷል።

"በሩን ክፈት እንጂ አንተ ሰውዬ! ተሸንፌ እንዳይመስልህ ደግሞ። ቴሌቪዥኑ ብቻውን ሰልችቶት ነው።"

"ግባ። እሱን አድርቀው፣ አንተ ቀስ ብለህ ትደርቃለህ።"

ገመዱን አገናኘነው። ዴኩ አሰበ፤ እኛ ጠበቅን። ከዚያ ሥዕሉ መጣ። እንዴት ብዬ ልናገረው። ሰፊ የስንዴ ማሳ ነበር፣ ነፋስ የሚያጎነብሰው። እያንዳንዱ ዛላ ለብቻው ይታያል፤ ጢሙ ሳይቀር። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ዝናቡ እንኳ ጣሪያው ላይ የቀነሰ መሰለኝ። ከፊት የተቀመጠ የዲክሲስ ገበሬ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለና፣ "ይሄ ስንዴማ ዋግ መቶታል። ቅጠሉን እዩት" አለ። ሌሎቹም ጎንበስ አሉ። እውነትም ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ነበር። ተዋናዮቹ ሲላቀሱ ማንም አላያቸውም፤ ቤቱ በሙሉ ስለዚያ ስንዴ መድኃኒት ይከራከር ነበር።

ድሬሰሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ጥራት አለው" አለ። ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ "ቴሌቪዥኑ ነው" ብሎ ጨመረ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቪዲዮ ቤት ሆንን። እህል ተራም ቀስ በቀስ ይጠሩኝ ጀመር። በእጄ ላይ የነበራቸውን እምነት ይቅርታ ሳይሉ መለሱልኝ፤ እኔም ይቅርታ በሉኝ አላልኳቸውም።

ዛሬ ሁሉም ሰው ፊልሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። አግዳሚዎቼ ባዶ ከሆኑ ቆዩ። ከጆንያው ዲስኮችም ብዙዎቹ ደክመው አይከፍቱም፤ የሚከፍቱት ጥቂት ናቸው። ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድሬሰሩ ከዘራውን እያስቀደመ ይመጣል። ሁለታችንም ዓይናችን ላይ ሞራ አለ። ስለ ጥራት ያን ያህል የተጣላን ሰዎች አሁን በሬ ከፈረስ መለየት ያቅተናል፤ "ያ ማነው?" ስለው "ቅድም የሞተው ነው" ይለኛል። ክርክሩ ግን አልቀነሰም።

"በዓለም ያሸነፈው ሰማያዊው ነው" ይላል።

"በዓለም ያሸንፍ። በዚህ መንገድ ላይ ያሸነፈው ቀዩ ነው።"

እንግዲህ ልጄ ያልገባት ይሄ ነው። የድሬሰሩ ጉልበት ታሟል፤ መንገድ መሻገር ለእሱ ትልቅ ጉዞ ሆኗል። ለሰላምታ ብቻ ቢሆን አንድ ሁለት እሑድ ይመጣና ይቀራል። ሊያሸንፈው የሚፈልገው ዴክ ስላለ ነው የሚነሳው። እኔም በሩን የምከፍተው ለዚያ ነው። ዴኩ ከሄደ እሑዴም አብሮት ይሄዳል።

ያን ቅዳሜ ልጄ እንዳለችው አደረገች። "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ሲሰማ በሩ ላይ ወጥታ ጠራችው። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አንግቷል። ዴኩን ከመደርደሪያው በሁለት እጁ ሊያነሳ ሞከረና ጉልበቱ እጥፍ አለ።

"ኡልፋታዳ! ምንድነው ይሄ? ከባድ ነው እኮ አባቴ።"

"አልሰማሁህም" አልኩት።

"ከባድ ነው አልኩ!"

"ከመንገዱ ማዶ በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ይታይሃል? ጆሮው ትንሽ ይደክማል። ለእሱ ንገርልኝ።"

ቆራሌው ልጄን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሮ በዚያ በለመደው የቆራሌ ድምፁ፣ "ከባድ ነው!" ብሎ ለቀቀው። ድሬሰሩ በረንዳው ላይ ከዘራውን ወደ ሰማይ አነሳ። ስድብ ይሁን ሰላምታ ከዚህ አይለይም።

"በኪሎ ደህና ዋጋ እሰጥዎታለሁ" አለኝ ቆራሌው።

"አይሸጥም። ለድካምህ አግዳሚው ላይ ተቀመጥና ውሃ ጠጣ።"

ልጄ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ሳቅ ቀደማት። "እሺ አባባ፣ ክፍሉ ይለቀቅ እንጂ እሱን መኝታ ቤትዎ ያስገቡት። በራስዎ ላይ ነው የሚወድቀው" አለች። እሷና ቆራሌው ተጋግዘው ተሸክመው የልብስ ሣጥኔ ላይ አስቀመጡልኝ። የሣጥኑ ክዳን ትንሽ ጎበጠ። "ቀዩ አልሞተም" የሚለውን ጣውላም አልጋዬ ራስጌ ላይ ሰቀልኩት።

በማግሥቱ እሑድ ድሬሰሩ መጣ። በባዶው ክፍል በኩል አለፈ። መኝታ ቤቴ ገብቶ የአልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ከዘራውን በጉልበቱ መሐል አቆመ፣ ጣውላውን ሽቅብ አየና፣ "ፊደልህ ዛሬም ጠማማ ነው" አለ።

ዲስኩን አስገባሁ። ዴኩ ማሰብ ጀመረ።

"የእኔ ቢሆን እስካሁን ጀምሮልህ ነበር" አለ።

"የአንተማ ጭስ ሆኖ ሄዷል። ታገስ" አልኩት፤ ተነስቼም ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ደረብኩለት።